የዕጢው ጎረቤቶች

ደስ ሲለኝ ቀስ ብዬ መናገር አልችልም። አክስቴ "መጥበሻ ላይ እንዳለ ሽንብራ ትዘያለሽ" ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም። ያን ቀን ግን ሽንብራም እንደኔ አልዘለለም። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ጓንቱ እጄ ላይ እንዳለ፣ አዲስ አበባ ባለው ላብራቶሪ ኮሪደር ላይ እየሮጥኩ "ነቅተዋል! ነቅተዋል!" እያልኩ እጮህ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ እሳት የተነሳ መስሏት ውኃ የሞላ ባልዲ ይዛ ወጣች።

የነቃው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሥራዬ ሆሳዕና ፋርማሲ ማስተማር ነው። ለሦስተኛ ዲግሪዬ ደግሞ የአገሬን የመድኃኒት ቅጠሎች አጠናለሁ። ከፎንቆ፣ ከጃጁራ፣ ከጊምቢቹ፣ እናቴ ከተወለደችበት ከአንጋጫም፣ ከየሰው አጥርና ከየእንሰቱ ጓሮ ቅጠል ለቅሜ፣ ጥላ ላይ አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በፌስታል ቋጥሬ አዲስ አበባ እወስዳለሁ። እዚያ ጭማቂያቸውን ሳህን ላይ በሚያድጉ የካንሰር ሕዋሶች ላይ ጠብ አድርጌ የሚሆነውን አያለሁ። ለእያንዳንዱ ቅጠል ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። የዚህኛው ቁጥር ሰባት ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ምክንያቱን ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

ሰባት ሲያናድደኝ የከረመ ቅጠል ነው። ሌሎቹ ቢያንስ የካንሰሩን ሕዋስ ትንሽ ያቆስሉታል። እሱ ምንም! ጠብ አደርጋለሁ፣ አሳድራለሁ፣ አያለሁ፤ የካንሰሩ ሕዋስ ሰርግ ቤት እንደከረመ ሰው ወፍሮ ይጠብቀኛል። አማካሪዬ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፤ "ተይውና ወደ ስምንት ሂጂ" አሉኝ። ልተወው ስል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እስከዚያች ቀን ያየሁት የካንሰሩን ሕዋስ ብቻ ነበር። ጎረቤቶቹን አላየሁም።

ዕጢ የካንሰር ሕዋስ ክምር ብቻ አይደለም፤ ሰፈር ነው። ዙሪያውን አጥር የሚያጥሩለት ሕዋሶች አሉ፤ መድኃኒትም እንዳይገባበት አጥብቀው ያጥራሉ። ምግብ የሚያመላልሱለት አዳዲስ የደም ሥሮች አሉ። ከሁሉም የሚያናድዱኝ ግን ዘበኞቹ ናቸው። ሰውነታችን ሌባ እንዲይዙለት የላካቸው ሕዋሶች ናቸው። ደርሰዋል፣ ከበውታል፣ ያዩታል። ዕጢው ግን በራሱ ኬሚካል ሹክ እያለ ያደነዝዛቸዋል። አንዳንዶቹማ ጭራሽ ለእሱ መሥራት ይጀምራሉ። ዘበኛው ከሌባው ጋር ራት ይበላል ማለት ነው።

ስለዚህ ሰባትን ከካንሰሩ ሕዋስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከነሰፈሩ፣ ከነአጥር ሠሪዎቹና ከነዘበኞቹ አንድ ላይ አሳደርኩት። ዘበኞች ሲነቁ የሚያወጡት ምልክት አለ፤ ቀለም ስንጨምርበት ማይክሮስኮፕ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ዓይኔን ሳስጠጋ ሳህኑ በሙሉ አረንጓዴ ነበር። አጥሩም ሳስቷል። ቅጠሉ ሌባውን አይነካም፤ የሚቀሰቅሰው ዘበኞቹን ነው! ኮሪደሩ ላይ የጮህኩት ለዚህ ነው።

አማካሪዬ መጥተው አዩ። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። አሁንም አረንጓዴ። "አሁንም ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። ያን ጊዜ ፈገግ አሉ፣ እሳቸው ፈገግ ሲሉ ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ወዲያው ግን ጣታቸውን አነሱብኝ።

"ብልቃጥ ሰው አይደለም። ይህን እንዳትረሺ።"

"አልረሳም" አልኩ። እውነቱን ለመናገር በሩን ሳልወጣ ረስቼዋለሁ። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረችው አንዲት ሰው ብቻ ናት።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከአንጋጫ ለፎንቆ ተድራ፣ ባሏም ሞቶባት፣ እኔንም እናቴ ካለፈች በኋላ እንደ ልጇ ያሳደገች ሴት ናት። በግራ ጡቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ሀዋሳ ትታከም ነበር። ሐኪሟ ዕቅዱን ሳይሸፋፍን ነግሮናል። ዕጢው የደረቷን ሥጋ ጨብጦ ይዟል። በደም ሥሯ የሚሰጣት የካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞው፣ ሲያሟሽሸው እጁን ይለቃል፤ ሲለቅ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ኬሞው ከተቋረጠ ቀዶ ጥገናም የለም። ሁለት ዙር ወስዳለች፣ ፀጉሯ ረግፏል፣ ዕጢውም መለስለስ ጀምሯል። ስለዚህ የሰባትን ነገር ለማን ልንገር? ለእሷ ነዋ!

ቅዳሜ ጠዋት ፎንቆ ደረስኩ። ጓሮዋ እንሰቶቹ መሃል ነበረች፤ የታመመ እንሰት ነቅላ ቢላዋውን እሳት ላይ እያገላበጠች። ሰላምታም በቅጡ ሳልሰጣት ጀመርኩ። አጥሩን፣ የደም ሥሩን፣ ዘበኞቹን፣ አረንጓዴውን ሁሉ። ቅጠል መሆኑን ነገርኳት፤ የትኛው ቅጠል እንደሆነ ግን ያለቀለት ነገር ስላልሆነ ዋጥኩት።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች። "እኔ ላይ ያለውም ጎረቤት አለው?"

"አለው እንጂ!"

"እውነትም ተቀባይ ባይኖር ሌባ አይኖርም።" ሳቀች። "እንሰትም እንደዚሁ ነው። አንዱ ሲጠወልግ እሱን ነቅለሽ ዝም አትይም። ጎኑ ያለውን ታያለሽ፣ የቆረጠውን ቢላዋ ታቃጥያለሽ።"

"ይኸው! ይኸው!" እያልኩ አጨበጨብኩ። ተማሪዎቼ እንደዚህ ቶሎ ገብቷቸው አያውቅም።

"ዘበኞቹ ግን የት ሄደው ነው?"

"የትም አልሄዱም፤ እዚያው ናቸው።"

"ያያሉ?"

"ያያሉ።"

"እያዩ ዝም ይላሉ?"

"ዝም ይላሉ።"

ሻርፗን አስተካከለችና ወደ ቢላዋዋ ዞረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መቶ ጥያቄ ታዥጎደጉድብኝ ነበር። እኔም ስለራሴ ሳህን ለማውራት እየቸኮልኩ ስለነበር ዝምታዋን እንደ ድካም ቆጠርኩት።

ለሦስተኛው ዙር ሀዋሳ ስንሄድ ደስታችን ከፍ ያለ ነበር። መንገድ ላይ ስንበላ፣ ስንስቅ ነው የደረስነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የደም ውጤቷን አየ፣ መለስ ብሎ አየና ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

"እናቴ፣ ዛሬ አይሆንም። ጉበትዎ ተቆጥቷል። በዚህ ላይ ኬሞ ብሰጥዎ እጎዳዎታለሁ። የጉበቱ ቁጥር ካልወረደ ደግሞ መድኃኒቱን ማቋረጥ ሊኖርብን ነው።"

የጨበጠውን የዕጢ እጅ አሰብኩ፤ ሊለቅ ሲል እንደገና ሲጨብጥ ታየኝ።

"ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? የባህል መድኃኒት፣ ቅጠል፣ ሥር፣ ምንም?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አለች አክስቴ።

ጥያቄው ስለ ደህንነቷ አልነበረም። ሐኪሙ ግን ፊቷን አይቶ ዝም አለ፤ እኔም ጉበቷን ያስቆጣው ኬሞው ራሱ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ስንመለስ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንድ ሰው ነፋስ ይመታኛል ብሎ መስኮቱን አስዘጋ፤ ያው እንደ አገራችን ልማድ ነፋስ ከምንም በላይ ይፈራል። ሙቀቱ አያድርስ ነው። አክስቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፣ አንገቷ በላብ ርሷል። ያን ጊዜ ሸተተኝ።

ሰባት ሲፈጭ እርጥብ የበግ ቆዳና የተቀጠቀጠ የባቄላ ቅጠል አንድ ላይ የሆነ ጠረን አለው። ሌላ እንደሱ የሚሸት ነገር በዓለም ላይ የለም። ጋውኔ ላይ አለ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ የቤት አከራዬ ስንቴ "ምን ሞቶብሽ ነው?" ብለውኛል። ያ ጠረን ከአክስቴ አንገት እየወጣ ነው። መጀመሪያ ከራሴ ልብስ መሰለኝ፤ የለበስኩት ግን አዲስ ሹራብ ነው። ጎንበስ ብዬ ሻርፗን አሸተትኩ። ሰባት ነው። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ፤ የሰው ሻርፕ የምታሸት ሴት አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

የተሰማኝን ሁሉ ልናገር። ፈራሁ፣ ምክንያቱም ጉበቷን የሚያስቆጣውን አገኘሁት። ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ደብቃብናለች። ከሁለቱ መሃል ደግሞ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ እኔ በሳህን ያየሁትን ቅጠል ለዕጢ የሚሰጥ ሰው በአገሬ አለ ማለት ነው! ሦስቱም አንድ ላይ ደረቴ ውስጥ ሲጋፉ ሆሳዕና መናኸሪያ ደረስን።

"አክስቴ፣ ምን እየወሰድሽ ነው?"

"ልጄ፣ አትጠይቂኝ።"

በእኛ አገር "አትጠይቂኝ" ያለ ሰው ግማሹን ተናግሯል። የባህል መድኃኒት የተሰጠው ሕመምተኛ እስኪድን ድረስ ለማንም ትንፍሽ አይልም። መድኃኒት ከአፍ ከወጣ ኃይሉ አብሮ ይወጣል ይባላል። ልጁ ሊድንለት ሲል ለጎረቤት የነገረና የተቀጣ ሰው ወሬ በየቤቱ አለ። አክስቴ ደግሞ አምስት ወቅት ሰላቷን የምትሰግድ ሴት ናት፤ ውሸት አትናገርም። ስለዚህ አትዋሽም፣ አትናገርምም። ደህና ነኝ ትላለች።

"ጉበትሽ እኮ ነው! ኬሞው ሊቆም ነው! ገብቶሻል?" ጮህኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩን።

"አትጠይቂኝ አልኩሽ።" ጉንጬን ሳመችኝ። "የፎንቆው መኪና ሊሞላ ነው" ብላ ሄደች።

እኔ ግን ያን ቅጠል ከማን አጥር እንደለቀምኩት አውቃለሁ። ከፎንቆ ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቅጠሉን ስለምናቸው "ለምን ይሆናል?" ብዬ ብጠይቃቸው "ለፍየል" ብለው ዘግተውኛል፤ እፍኝ ቅጠል ግን ሰጥተውኛል። ለፍየል! በማግስቱ ጠዋት ፎንቆ ሄጄ ከዚያ በሞተር ተሳፈርኩ። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሞተሩ እንደ ሰካራም ይንገዋለላል። እኔም ጀርባው ላይ ሆኜ ንግግሬን እያዘጋጀሁ ነበር። ስለ ጉበት፣ ስለ ኬሞ፣ ስለ ሁለት መድኃኒት መገናኘት። ሽማግሌው ይቆጡኛል፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ያባርሩኛል፣ እኔም አልሄድም። እዚያ ስደርስ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

አጥራቸውን በማጭድ እየከረከሙ አገኘኋቸው። በሁለት እጄ ጨብጬ ሰላም አልኳቸው።

"ቅጠል ለቃሚዋ መጣሽ" አሉ በሀዲይኛ።

"አባባ፣ ስለ አንዲት ሴት ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

"እኔ ማንንም አላውቅም።"

እሳቸውም ታስረዋል። የሕመምተኛውን ስም ባለመድኃኒቱ አይናገርም፤ የባለመድኃኒቱን ስም ሕመምተኛው አይናገርም። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከሸፈ። ቆሜ አሰብኩና በሌላ በር ገባሁ።

"እሺ፣ አንዲት ሴት አለች እንበል።"

አዩኝ። ማጭዳቸው መሥራቱን ቀጠለ። "እንበል" አሉ።

"ጡቷን ታማ አንድ ሰው መድኃኒት ሰጣት እንበል።"

"እንበል።"

"እሷ ደግሞ ሀዋሳ እየሄደች በደም ሥሯ የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች እንበል።"

ማጭዱ ቆመ። "ይሄን አንበል" አሉ።

"አባባ፣ እውነት ነው።"

"ይሄማ አይባልም! አይደረግም!" ማጭዱን አጥሩ ላይ ሰኩት። "መጀመሪያ የምናገረው እሱን ነው። የኔ ከሌላ መድኃኒት ጋር አይገናኝም። ሁለት ኃይለኛ ውሻ በአንድ ገመድ ታስሪያለሽ? ጠይቄያታለሁ እኮ! ሌላ መድኃኒት አለ ወይ ብዬ በዚህ አፌ ጠይቄያታለሁ!"

"ምን አለችዎ?"

"አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ አለች።"

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ለሐኪሙም ያለችው ያንኑ እንደሆነ ስነግራቸው ፂማቸውን ይዘው እሳቸውም ሳቁ። ልጣላ መጥቼ ከሐኪሙ ቀጥሎ ያገኘሁት ትልቁ ደጋፊዬ እኚህ ሰው ሆኑ። ከሐኪሙ ባለመድኃኒቱን ደብቃለች፣ ከባለመድኃኒቱ ሐኪሙን ደብቃለች፤ ሁለቱም ግን የጠየቋት አንድ ጥያቄ ነው፣ የከለከሏትም አንድ ነገር ነው።

"አሁን ይንገሯት፣ አቁሚ ይበሏት" አልኳቸው።

"ባንቺ አፍ አይሆንም። የሰጠ ሰው ራሱ መጥቶ ካልፈታት ታስራ ትቀራለች።" እግራቸውን ታጠቡ፣ ቆባቸውን አደረጉ፣ ከአጥሩ ሥር ለመፍቻው አንድ ጭብጥ እርጥብ ሳር ነጩ። "ሞተርሽ ይሄዳል?"

ሦስት ሆነን በአንድ ሞተር ሄድን። ነጂው ፊት፣ ሽማግሌው መሃል ከነዱላቸውና ከነሳራቸው፣ እኔ ኋላ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ነጂውን "ቀስ በል!" ይላሉ፤ መንገዱ ሲቃና ደግሞ "ምነው ተኛህ?" ይላሉ። የገበያ ቀን ስለነበር ያየን ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደ ልጅነቴ ልዘፍን ሁሉ አምሮኝ ነበር።

አክስቴ በሯ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሁለታችን ከአንድ ሞተር ስንወርድ ስታይ ከነባቄላው ብድግ አለች። ባቄላው በሙሉ መሬት ላይ ተበተነ። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

ሽማግሌው ቃል አላበዙም። ሳሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። "ፈትቼሻለሁ" አሉ። "መድኃኒቴን ዛሬ አቁሚ። ከዛሬ ጀምሮ ለጠየቀሽ ሁሉ ተናገሪ። ምንም አይደርስብሽም።"

ሳሩን ተቀብላ ደረቷ ላይ፣ በታመመው በኩል፣ አስጠጋችው። ከዚያ አለቀሰች። ከሞት ይልቅ የሚከብድ ነገር ሲወርድላት አየሁ።

"ሁለቱንም እንዳላጣ ፈርቼ ነው" አለች። "ለሐኪሙ ብነግረው ያባርረኛል ብዬ። ለእርስዎ ብነግርዎ ይከለክሉኛል ብዬ። ዝም ካልኩ ሁለቱም ይይዙኛል ብዬ ነበር።"

"እኔ እኮ ልከለክልሽ ነበር" አሉ ሽማግሌው በገዛ ራሳቸው ተገርመው። "ከልክዬሽ ቢሆን ኖሮ ጉበትሽ ደህና ነበር።"

አክስቴ ዓይኗን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። "ያንቺ ዘበኞች ለምን ዝም እንዳሉ አሁን ገባኝ። ፈርተው ነው" አለችኝ። ሽንብራዋ እኔ ለአንድ ጊዜ መዝለሌን ረሳሁ፤ እቅፍ አደረግኳት። አንገቷ አሁንም ሰባት ይሸታል።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። እኔ መጠበቅ አልችልበትም። አክስቴ የቡላ ገንፎዋን ትበላለች፣ ውኃዋን ትጠጣለች፣ ትተኛለች፤ የማልተኛው እኔ ነኝ። ሆሳዕና ደሟን አስመርምረን ውጤቱን ለሐኪሙ በቴሌግራም ላክንለት። ስልኬ የጮኸው ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። ተማሪ እንዳይነካ የምከለክለውን ስልክ እኔው አነሳሁት።

"ምን አደረጋችሁ?" አለ ሐኪሙ። "ወርዷል! በደንብ ወርዷል፤ አምጪያት!"

ጮህኩ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። የእለቱ ትምህርት ስለ ክኒን አሠራር ነበር፤ ክኒኑን ትተን የአክስቴን ጉበት፣ ሽማግሌውን፣ ሞተሩን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ ዛሬ ከዚያ ክፍል የወጣ ተማሪ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "አክስትሽ እንዴት ናት?" ይለኛል።

ሀዋሳ ስንሄድ ሽማግሌው "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። ማን ይከለክላቸዋል? ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ግን "እናንተ ግቡ" ብለው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ ውጤቱን አሳይቶን፣ ኬሞው ዛሬ እንደሚቀጥል ነግሮን፣ እንደ ልማዱ ያችን ጥያቄ ጠየቀ።

"እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

አክስቴ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ከጥቁር አዝሙድ ጀመረች። ለሆድ የምትጠጣውን ተልባ፣ ለጉንፋን የምታሸተውን ዳማከሴ፣ "እህትሽ ለወገቤ የሰጠችኝ" ያለችውን ቅባት ሁሉ ዘረዘረች፤ እህት እንደሌለኝ ስነግራት "የጎረቤቴ ልጅ ያው እህትሽ ናት" ብላ ቀጠለች። በመጨረሻም ያን ቅጠል ስሙን ጠርታ፣ በማር እንደሚለወስ፣ በባዶ ሆድ እንደሚዋጥ፣ መቼ እንደጀመረችና መቼ እንዳቆመች ተናገረች። ሐኪሙ መጻፉን ትቶ ያዳምጥ ነበር።

"የሰጡኝ ሰው ውጪ ተቀምጠዋል። ልጥራቸው?" አለችው።

ሐኪሙ ራሱ ተነስቶ በሩን ከፈተ። "አባቴ፣ ይግቡ እንጂ!" አላቸው። ሽማግሌው ጭቃ የነካ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ይዞ ከነጫማቸው አስገባቸው። እኔ መሃል ተቀምጬ ከአማርኛ ወደ ሀዲይኛ፣ ከሀዲይኛ ወደ አማርኛ ሳመላልስ ምላሴ ደረቀ። ስንት ቀን ይሰጣል? ሽንቱ ቀለም የቀየረ ሰው አይተው ያውቃሉ? ሲያዩስ ምን ያደርጋሉ? ሁለቱም ሌላው ሰው ይህን ያህል ጠያቂ መሆኑ አስገርሟቸዋል።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የአረንጓዴውን ሳህን ፎቶ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት።

"እነዚህ በኔ ቅጠል ነው የነቁት?"

"በእርስዎ ቅጠል ነው አባባ። ግን ብልቃጥ ውስጥ ነው። ብልቃጥ ሰው አይደለም።" ይህን ስናገር አማካሪዬ በአፌ የተናገሩ መሰለኝ። አሁን አልረሳሁትም። ዘበኛውን የሚቀሰቅሰው ቅጠል ጉበቱንም እንደሚያስቆጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዛሬ ሳህኖቼ ውስጥ የጉበት ሕዋስም አለ፣ ኬሞውም አለ፤ ከቅጠሉ የትኛው ክፍል እንደሚቀሰቅስና የትኛው እንደሚጎዳ እየለየን ነው።

"ሰው ጋ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"ብዙ ዓመት።"

"እኔ ሽማግሌ ነኝ" አሉ ስልኩን እየመለሱልኝ። "ፍጠኚ።" ጨርሼ ደህናውን ከጎጂው እስክለየው ድረስ ስሙን እንዳልጽፍ፣ ሰምቶ የሚቅም ሰው እንዳይጎዳ፣ ቃል አስገቡኝ። ስሙን ያልነገርኳችሁ ለዚህ ነው።

ኬሞው እስከ መጨረሻው ተሰጠ። ዕጢውም እጁን ለቀቀ። ቀዶ ጥገናው ከተደረገ በኋላ ደግሞ የባሰው መጠበቅ መጣ፤ የወጣው ሥጋ ተመርምሮ ዳርቻው ላይ የቀረ ነገር ካለ ይነገረናል። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ክፍሏ ሲገባ አክስቴ ቀና ብላ ትራሷን ተደግፋለች። ሽማግሌው እግርጌዋ ቆመዋል። እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ እግሬን አንቀጠቅጣለሁ።

"ዳርቻው ንጹህ ነው" አለ። "በሁሉም በኩል።"

እኔ መጮህ አቃተኝ። አክስቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ዙሪያውም? ጎረቤቶቹም?"

"ዙሪያውም ንጹህ ነው እናቴ።"

አክስቴ እልል አለች። የተሰፋው ደረቷ ላይ እጇን ጭና፣ ያለ ፀጉር ራሷን ቀና አድርጋ፣ ፎንቆ ድረስ በሚሰማ ድምፅ እልል አለች። ነርሷ ሮጣ መጣች።

"እማማ፣ እባክዎ፣ ሕመምተኛ አለ፣ ዝም ይበሉ!"

"የኔ ልጅ" አለቻት አክስቴ፣ "እኔ ዝም ማለቴን ጨርሻለሁ።"